ሞቷል ያልሁት ቢራ፦ ስለ እውነተኛ ኤልና ስለ ቤት ውስጥ ጠመቃ
(በፋኩልቲው ወርኃዊ የሕዝብ ንግግር ላይ በቃል የቀረበ፤ ለንባብ እንዲመች በጥቂቱ የተስተካከለ)



ወደ ርእሴ ከመግባቴ በፊት ሁለት ነገር ልናገር። አንደኛ፣ ጠረጴዛው ላይ የምታዩት ክዳን ያለው ነጭ ባልዲ ለጌጥ የተቀመጠ አይደለም። ከአራት ቀን በፊት በቤቴ የጠመቅሁት 10 ሊትር ኤል ነው። ክዳኑ ላይ ካለችው የጋዝ ማስወጫ ቆብ አልፎ አልፎ «ቡልቅ» የሚል ድምፅ ብትሰሙ አትደንግጡ። ሁለተኛ፣ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው የአልኮል መጠጥ መሸጥን ይከለክላል። እኔ የምሸጠው ነገር የለኝም፤ ቢሆንም በዚህ አዳራሽ ዛሬ የሚቀመስ ነገር አይኖርም። የሚለካ ነገር ግን ይኖራል።

ነገሩን የምጀምረው ከራሴ አለማወቅ ነው። ለድኅረ ምረቃ ትምህርት ወደ እንግሊዝ አገር ሄጄ በሼፊልድ ከተማ በተቀመጥሁ በመጀመሪያው ወር፣ የክፍል ጓደኞቼ አንድ አሮጌ መጠጥ ቤት ወሰዱኝ። እኔ የማውቀው ቢራ የአዲስ አበባው ድራፍት ነበር፤ ጥርስ የሚያሳምም ቅዝቃዜ፣ አፍንጫ የሚወጋ ጋዝ፣ ወፍራም አረፋ። በፊቴ የተቀመጠው ግን መዳብ የመሰለ፣ ብዙም ያልቀዘቀዘ፣ ጋዙ ምላስ ላይ እምብዛም የማይታወቅ መጠጥ ነው። አንድ ጊዜ ተጎነጨሁና በቅን ልቡና ተነሥቼ ለባለቤቱ፣ በዕድሜ ለገፉት ሰውዬ፣ «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ይህ ቢራ ሞቷል» አልኋቸው።

ሰውዬው አልተቆጡም። ወደ ምድር ቤቱ ይዘውኝ ወረዱ። በርሜሎቹ በጎናቸው ተጋድመው በእንጨት መደብ ላይ ተደርድረዋል። ከአንደኛው ሆድ ላይ አንዲት ትንሽ የእንጨት ውታፍ ተሰክታለች፤ በዙሪያዋ ነጭ አረፋ ይተነፍሳል። ጆሮዬን ጠጋ ሳደርግ ሹክሹክታ የመሰለ ድምፅ ሰማሁ። እርሾው ገና በሥራ ላይ ነበር። የሞተው እኔ በአገሬ ስጠጣው የኖርሁት ነው፤ ይህኛው በሕይወት ያለው ነው ብለው አስረዱኝ። ተሳድበው ቢያስወጡኝ ኖሮ ዛሬ በዚህ ርእስ ላይ ባልቆምሁም ነበር።

የሁለቱ ልዩነት በእርግጥም እዚህ ላይ ነው። አብዛኛው የፋብሪካ ቢራ ከተብላላ በኋላ እርሾው በማጣሪያ ይወጣል፤ ብዙ ጊዜም በሙቀት ፓስተራይዝ ይደረጋል፤ ኬግ በሚባለው የብረት ዕቃ ታሽጎ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ግፊት ይቀዳል። ድራፍታችን የዚህ ወገን ነው። እውነተኛ ኤል የሚባለው ግን እርሾው ሳይወጣለት በርሜል ውስጥ ይገባል፤ ለጠጪው በሚቀዳበት በዚያው ዕቃ ውስጥ ለሁለተኛ ጊዜ ይብላላል፤ ከውጭ በሚገባ ጋዝም አይገፋም። ያለው ጋዝ ሁሉ እርሾው ራሱ የሠራው ነው።

ይህ ትርጓሜ የተነገረው ነገሩ ሊጠፋ በተቃረበበት ጊዜ መሆኑን ልብ በሉ። በ1960ዎቹ ታላላቆቹ የብሪታንያ ጠማቂዎች ወደ ኬግ እያዘነበሉ ነበር፤ አይበላሽም፣ በየትኛውም ቤት አንድ ዓይነት ነው፣ የሚንከባከበው ባለሙያም አይሻም። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1971 አራት እንግሊዛውያን፣ ማይክል ሃርድማን፣ ግራሃም ሊስ፣ ጂም ማኪንና ቢል ሜለር፣ በአየርላንድ ምዕራባዊ ጫፍ በደንኩዊን በሚገኝ አንድ መጠጥ ቤት ተቀምጠው ካምራ የተባለውን ማኅበር መሠረቱ። የጠጪዎች ማኅበር ነው፤ መነሻውም ቅሬታ ነበር። እኔ በግሌ የማኅበሩን ትርጓሜ ሙሉ በሙሉ አልቀበለውም። ኬግ ውስጥ የገባ ሁሉ መጥፎ፣ በርሜል ውስጥ ያለ ሁሉ ጥሩ አይደለም፤ በሼፊልድ ኮምጣጤ የሆነ እውነተኛ ኤልም ጠጥቻለሁ። ነገር ግን ያ ቅሬታ ባይነሣ ኖሮ የሰውዬው ምድር ቤት እስከ እኔ ዘመን ይቆይ እንደነበር እጠራጠራለሁ።

በሕይወት ያለ ነገር ጠባቂ ይፈልጋል። ባለቤቱ በርሜሉ እንደመጣ ጋዙ እንዲወጣ ለስላሳ እንጨት ውታፍ ይሰካሉ፤ በቃው ሲሉ ጋዝ በማያሳልፍ ጠንካራ እንጨት ይለውጡታል። ምድር ቤቱ ከ11 እስከ 13 ዲግሪ ሴልሲየስ መሆን አለበት። እርሾው ወደ ታች እንዲዘቅጥ ከዓሣ የአየር ከረጢት የተዘጋጀ ማጥሪያ ይጨመርበታል። (ይህን የነገርሁት አንድ ጾመኛ ወዳጄ ብርጭቆውን ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ መልሶ አስቀመጠ። ዛሬ ያለዚህ ማጥሪያ፣ ደፍረስ እንዳለ የሚሸጡም አሉ።) መጠጡ በእጅ ፓምፕ ሲቀዳ በምትኩ አየር ወደ በርሜሉ ይገባል፤ ስለዚህ ከተከፈተ በሦስት ቀን አካባቢ ካላለቀ ጣዕሙ መውደቅ ይጀምራል።

አጠጣጡም ከዚህ ይከተላል። አንድ ፓይንት 568 ሚሊ ሊትር ነው፤ አዲስ ሰው ግማሹን ቢያዝ ነውር የለውም። ቅዝቃዜ ሽታን ስለሚደብቅ መጀመሪያ ይሸተታል። ቅቤ ቅቤ ካለ ዳይአሴቲል የሚባለው ውህድ አለ፤ እርሾው ሥራውን ሳይጨርስ ተቀድሟል ማለት ነው። እርጥብ ካርቶን ካለ አየር ነክቶታል። ኮምጣጤ ካለ ባክቴሪያ ገብቶበታል። ከቀላሉ ወደ ብርቱው መሄድ ይሻላል፤ 3.8 በመቶ አልኮል ያለው ቢተር ከ6 በመቶው ስታውት በኋላ ቢመጣ ውሃ ይመስላል።

አሁን ወደ ባልዲው ልመለስ። በብሪታንያ በ1880 የወጣው ሕግ ቤቱ የሚጠምቅን ሰው ፈቃድ እንዲያወጣ ያስገድድ ነበር። በ1963 የገንዘብ ሚኒስትሩ ሬጂናልድ ሞድሊንግ ግዴታውን አነሡት፤ ከዚያ በኋላ የቤት ጠማቂው ተበራከተ። ይህ ታሪክ ለእኛ እንግዳ ሊመስለን ይገባል፤ እናቴ ለክርስትናም ለተዝካርም ጠላ ስትጠምቅ የጠየቃት ሰው አልነበረም።

ስለ ቃላት አንድ ነገር ላስታውስ። በአማርኛ ውሃም ይፈላል፣ ጠላም ይፈላል። ሮማውያንም እንደዚያው ናቸው፤ ለእርሾ የነበራቸው «ፌርሜንተም» የሚለው ቃል «ፌርቬሬ»፣ ማለትም መፍላት፣ ከሚለው ግስ የወጣ ነው። አረፋውን አይተው ነው የሰየሙት። ግራ እንዳንጋባ እኔ ለእሳቱ «መፍላት»፣ ለእርሾው «መብላላት» እላለሁ።

ለ10 ሊትር 2 ኪሎ የገብስ ብቅል ይበቃል። ተከክቶ እንጂ ደቅቆ አይፈጭ፤ ዱቄት ከሆነ ሲጣራ ይዘጋል። በ5 ሊትር ሙቅ ውሃ ተበጥብጦ በ66 ዲግሪ አካባቢ ለአንድ ሰዓት ይቆያል። በዚህ ሰዓት በብቅሉ ውስጥ ያሉ ኢንዛይሞች ስታርቹን ወደ ስኳር ይቆርጣሉ። ከ62 እስከ 65 ዲግሪ የሚተጋው ቤታ አሚሌዝ እርሾ በቀላሉ የሚበላውን ስኳር ይሠራል፤ ከ70 በላይ የሚበረታው አልፋ አሚሌዝ እርሾ የማይጨርሰውን፣ መጠጡን ወፈር የሚያደርገውን ይተዋል። 66 የሁለቱ ሽምግልና ነው። የገበያው የጠላ ብቅል በፀሐይ የደረቀ ስለሆነ ኢንዛይሙ ብርቱ ነው፤ ጣዕሙ ግን ጥሬ ጥሬ ይላል። እኔ ከአሥር እጅ አንዱን በምጣድ አምሳለሁ። ሁሉንም ያመሰ ሰው ኢንዛይሙን ገድሎ ገንፎ ያገኛል።

ከዚያ ይጣራል፤ ገለባው በሙቅ ውሃ ይታጠባል፤ 12 ሊትር ገደማ የሚሆነው ጣፋጭ ፈሳሽ በሆፕ ይፈላል። 20 ግራም ያህል ሆፕ በቂ ነው። የሆፑ መራራ አሲድ በፈላ ፈሳሽ ውስጥ ቅርጹን ካልለወጠ አይሟሟም፤ ይህ ለውጥ ሙቀትና ጊዜ ይጠይቃል። መጻሕፍቱ 60 ደቂቃ ይላሉ፤ የተጻፉት ግን ለባሕር ወለል አገር ነው። አዲስ አበባ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ እኔ 80 ደቂቃ አፈላለሁ። በሌላ በኩል ከፍታው ክሶናል፤ የኤል እርሾ የሚወደው ከ18 እስከ 20 ዲግሪ በብዙ የአዲስ አበባ ቤቶች ያለ ማሽን ይገኛል።

ከእሳት ከወረደ በኋላ የሚነካው ዕቃ ሁሉ ንጹሕ መሆን አለበት። እናቴ ጋኑን በግራዋ አጥባ በወይራ ታጥነው ነበር፤ ጭሱ ለመዓዛ ብቻ የሚመስለው ካለ ተሳስቷል፤ ጭስ ተሐዋስያንን ይቀንሳል። ሉዊ ፓስተር በ1871 ለንደን የሚገኘውን የዊትብሬድ ጠመቃ ሲጎበኝ እርሾውን በማይክሮስኮፕ አይቶ ባዕድ ተሐዋስያን እንዳሉበት ለባለሙያዎቹ አሳየ። በ1883 ደግሞ በኮፐንሃገን ካርልስበርግ ኤሚል ክርስቲያን ሃንሰን ከአንዲት ሕዋስ የተነሣ ንጹሕ እርሾ አራባ። እኔ ከሰው የምልከው የ11 ግራም ደረቅ እርሾ የዚያ ሥራ ልጅ ነው። የዳቦ እርሾም ዝርያው አንድ ነው፤ ያብላላል፤ ግን በደንብ አይዘቅጥም፣ የሊጥ ጣዕምም ይተዋል።

አሁን ወደ ጥፋቴ እመጣለሁ። በሼፊልድ የመጀመሪያዬን ኤል ስጠምቅ ሃይድሮሜትር ገዝቼ ነበር። ሃይድሮሜትር በፈሳሹ ላይ ተንሳፍፎ ስኳሩ ምን ያህል እንደቀረ የሚያሳይ የመስታወት ዘንግ ነው፤ ውሃ 1.000 ነው፣ ጀማሪ ኤል 1.042 አካባቢ፣ ያለቀለት 1.010 አካባቢ። ከሣጥኑ አላወጣሁትም። በስድስተኛው ቀን አረፋው ስለቆመ ያለቀለት መሰለኝ። ቤቱ ቀዝቃዛ ስለነበር እርሾው ተኝቶ እንጂ ጨርሶ እንዳልነበር አላሰብሁም። ጋዝ እንዲሰጠው እንደተለመደው ለአንድ ሊትር 4 ግራም ስኳር ጨምሬ በ24 ጠርሙስ ቀዳሁና ቆርኪውን ገጠምሁ። ከሁለት ሳምንት በኋላ የማሞቂያው ወቅት ገባ።

ሌሊት ላይ የመጀመሪያው ፈነዳ። እስኪነጋ አምስት ሆኑ። ጠርሙሶቹ የተቀመጡት የአከራዬ የሰባት ዓመት ልጅ ጫማዋን በምታደርግበት መተላለፊያ ነበር። ጠዋት ስንጠርግ አንድ የጠርሙስ ስባሪ በግድግዳው ላይ በነበረ ካርቶን ውስጥ ተሰክቶ አገኘሁት። ከፍታው የልጅቷ ፊት ላይ ነበር። አከራዬ አንድ ቃል አልተናገረችኝም፤ ልጇን ይዛ ቆማ ካርቶኑን ብቻ ታየው ነበር።

ስሌቱን የሠራሁት ከዚያ በኋላ ነው፤ መጀመሪያ መሠራት የነበረበት። አንድ ግራም ስኳር ሲብላላ ግማሽ ግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል። 4 ግራም ሁለት ግራም ጋዝ ይሰጣል፤ ጠርሙስ ይህን በቀላሉ ይችላል። ፈሳሹ 1.010 ሳይደርስ በ1.018 ቆሞ ከሆነ ግን በእያንዳንዱ ሊትር ከ15 ግራም በላይ የሚብላላ ስኳር ቀርቷል፤ እኔ በእጄ ከጨመርሁት አራት እጥፍ ገደማ። የእናቴ ጋን አፉ በጭቃ ይመረግ ነበር፤ ግፊት ሲበዛበት ጭቃው ይሰነጠቃል። ጠርሙስ ይህ ምሕረት የለውም።

በጊነስ ጠመቃ ይሠራ የነበረው ዊሊያም ጎሴት በ1908 «ስቱደንት» በሚል ስም ያሳተመው፣ ሁላችሁም በስታቲስቲክስ ክፍል የምታውቁት የቲ ፈተና፣ ከትንሽ ናሙና ምን ያህል መናገር እንደሚቻል ለማወቅ የተደረገ ሥራ ነበር። የቤት ጠማቂ ናሙናው አንድ ባልዲ ነው። ስለዚህ ሕጌ ይህ ነው፦ በሁለት ቀን ልዩነት የተወሰዱ ሁለት ንባቦች እኩል ካልሆኑ፣ የሚጠበቀው ዝቅታም ካልተደረሰ፣ ቆርኪ አይገጠምም። ለጀማሪ ደግሞ ወፍራም የቢራ ጠርሙስ እንጂ ስስ የወይን ጠርሙስ አይሁን፤ በክዳን ሣጥንም ይቀመጥ።

ሁለተኛውን ጠመቃ ለመጠጥ ቤቱ ባለቤት ወሰድሁላቸው። አሸተቱት፣ ተጎነጩት፣ ጥቂት ዝም አሉና ቅቤ ቅቤ ይላል፣ ከእርሾው ጋር ሁለት ቀን ይቀረው ነበር አሉኝ። ብርጭቆውን ግን ጨረሱት።

ከጥያቄ በፊት ልኬቱን እንውሰድ። ጠዋት 1.020 ነበር። ከፊት የተቀመጥሽው፣ ነይ እባክሽ፤ ዘንጉን ቀስ አድርገሽ ልቀቂው፣ እስኪረጋ ጠብቂ፣ ዐይንሽን ከፈሳሹ ገጽ እኩል አድርጊ።

(ተማሪዋ ለካች፦ 1.018)

አመሰግናለሁ። አልደረሰም። ከዛሬ ሦስት ቀን በኋላ በቤተ ሙከራው እንደገና እንለካዋለን፤ መምጣት የምትፈልጉ ስማችሁን በሩ አጠገብ ባለው ወረቀት ላይ ጻፉ። አሁን ጥያቄያችሁን እቀበላለሁ።