በወተት የሚፈጥኑ፣ በዓሣ ገንዳ የሚዘገዩ

ሚኒያፖሊስ ውስጥ ከሱፐርማርኬት የተገዛ ወተት እንደ አገር ቤት ክዳኑ ተገጥሞ ጥግ ላይ ቢቀመጥ፣ በሦስተኛው ቀን እርጎ ሆኖ አይገኝም። ይመራል፤ ይሸታል፤ ቢረጋ እንኳ ለምግብ አይሆንም። ይህን ያየ ሰው ወተቱን ይጠረጥራል። ወተቱ ግን ደህና ወተት ነው። የጎደለው ወተቱን እርጎ የሚያደርገው ባክቴሪያ ነው።

ላም ስትታለብ ወተቱ ከጡቷ ጫፍ፣ ከአላቢው እጅና ከዕቃው ግድግዳ ብዙ ዓይነት ባክቴሪያ ይዞ ይነሳል። ከእነዚህ መካከል ላክቶኮከስና ሉኮኖስቶክ የሚባሉት የወተቱን ስኳር፣ ማለትም ላክቶስን፣ በልተው አሲድ ያወጣሉ። ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ ሙቀት በደንብ ይራባሉ። የወተቱ ፒኤች ከ6.7 አካባቢ ተነስቶ ወደ 4.6 ሲወርድ ፕሮቲኑ ይረጋል፤ አሲዱን የማይችሉ ሌሎች ባክቴሪያዎችም ይዳከማሉ። የሱፐርማርኬቱ ወተት ግን ቢያንስ በ72 ዲግሪ ለ15 ሴኮንድ ተሞቋል። ይህ ሙቀት በሽታ አምጪዎቹን ሲገድል አሲድ አውጪዎቹንም አብሮ ይገድላል። ሙቀቱን አልፈው የሚተርፉት ጠንካራ ዘር የሚቋጥሩት የባሲለስ ወገኖች ናቸው። እነሱ ደግሞ ስኳሩን ወደ አሲድ ከመለወጥ ይልቅ ፕሮቲኑን ይቆራርጣሉ፤ መራራው ጣዕም የሚመጣው ከዚህ ነው።

አገር ቤት በወይራ ወይም በጥንጅት የሚታጠነው የወተት ዕቃም ከዚህ ጋር የተያያዘ ሥራ ነው። ጭሱ መዓዛ ብቻ አይሰጥም፤ በዕቃው ግድግዳ ላይ ያሉትን ብዙ ተሕዋስያን ያዳክማል፤ ወተቱ ውስጥ ማን ቀድሞ እንደሚራባም ይወስናል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የማይክሮባዮሎጂ ተመራማሪ ሞገሴ አሸናፊ ስለ እርጎና አይብ ባክቴሪያዎች ለብዙ ዓመታት አጥንተዋል። ሊስቴሪያ የተባለው አደገኛ ባክቴሪያ እርጎው እየኮመጠጠ ሲሄድ ምን እንደሚሆንም መርምረዋል። እንዲህ ያለው ጥናት የሚያስፈልገው አሲዱ እስኪበረታ ድረስ ያሉት የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ለክፉውም ለደጉም ክፍት ስለሆኑ ነው።

ለሚኒያፖሊስ ኩሽና ከዚህ የሚወጣ ተግባራዊ ነገር አለ። የሱቅ ዮገርት የሚረጋባቸው ሁለቱ ባክቴሪያዎች የሚመቻቸው ወደ 42 ዲግሪ የተጠጋ ሙቀት ነው። በክረምት 20 ዲግሪ በሆነ ሳሎን ውስጥ በጣም ይዘገያሉ፤ በዚያ መዘግየት ውስጥ ሌላ ሊቀድማቸው ይችላል። ባተርሚልክ እየተባለ የሚሸጠው ኮምጣጣ ወተት ግን የሚሠራው በላክቶኮከስ ወገኖች ነው። በሕይወት ያለ ባክቴሪያ እንዳለው መለያው ላይ ከተጻፈበት ባተርሚልክ ጥቂት ማንኪያ በንጹሕ ዕቃ ወተት ላይ ቢጨመር፣ 22 ወይም 25 ዲግሪ በሆነ ቤት ውስጥ አድሮ ይረጋል። ጣዕሙም ከዮገርት ይልቅ ለእርጎ ይቀርባል። በሁለቱም ወተቱ ያው ነው፤ የተለየው እርሾውና ሙቀቱ ነው።

እስካሁን ያልሁት ሁኔታው ከብዙ ባክቴሪያዎች መካከል አንዱን ይመርጣል የሚል ነው። ነገሩ ግን ከዚህም ይጠልቃል፤ ሁኔታው ያንኑ አንዱን ባክቴሪያ ራሱን ይለውጠዋል። ይህን ካሳዩት ሥራዎች መካከል ትልቁ የተሠራው እዚሁ፣ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የሴንት ፖል ካምፓስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ላሪ ማኬይ ከባልደረቦቹ ጋር የአይብ እርሾ የሆነው ባክቴሪያ ላክቶስ የመብላት ችሎታውን ጨርሶ ሊያጣ እንደሚችል የሚያሳይ ጥናት አወጣ። ቀጥለው የመጡት ሥራዎች ምክንያቱን ገለጡት። ችሎታው የተጻፈው በባክቴሪያው ዋና የዘረመል ክር ላይ ሳይሆን ፕላዝሚድ በሚባል፣ ለብቻው በሚኖር ትንሽ ቀለበት ላይ ነው። ባክቴሪያው ለሁለት ሲከፈል ቀለበቱ አንዳንዴ ለአንደኛው ልጅ ሳይደርስ ይቀራል።

ባክቴሪያው በወተት ውስጥ እያለ ቀለበቱን ያጣው ልጅ ይርበዋልና አይበዛም። ግሉኮስ በተሞላ ምግብ ውስጥ ከሆነ ግን ምንም አይጎድልበትም፤ እንዲያውም ቀለበቱን የመሸከም ድካም ቀርቶለታል። በበጋ ጃንጥላውን ጥሎ እንደሚሄድ መንገደኛ ነው፤ የሚቸገረው ክረምቱ ሲመጣ ነው። ከሚመቸው በላይ በሆነ ሙቀት ማሳደግም ፕላዝሚድን ያስጥላል። እንዲህ የተራባ እርሾ አይብ ፋብሪካ ደርሶ ወተት ላይ ሲጨመር፣ ስሙና ዝርያው ያው ሆኖ ሳለ ወተቱ ሳይኮመጥጥ ሰዓታት ያልፋሉ። የማኬይ ቤተ ሙከራ እነዚህ ችሎታዎች ከአንዱ ባክቴሪያ ወደ ሌላው ሊተላለፉ እንደሚችሉም አሳይቷል። የእርሾ አምራቾች ባክቴሪያውን በምን ምግብ፣ በምን ሙቀት፣ ለስንት ትውልድ እንደሚያራቡት አጥብቀው የሚቆጣጠሩት ለዚህ ነው።

ቅዝቃዜም የራሱ ተጠቃሚዎች አሉት። ላንድ ኦ ሌክስ በ1921 በሴንት ፖል የሚኒሶታ ቅቤ አምራች ማኅበራት ኅብረት ሆኖ ሲመሠረት፣ ከዋና ዓላማዎቹ አንዱ ካልኮመጠጠ ክሬም የተሠራ፣ ጥራቱ የማይዋዥቅ ቅቤ ማቅረብ ነበር። ያ ማለት ከላሟ እስከ ፋብሪካው ባለው መንገድ ላይ ጊዜንና ሙቀትን መግዛት ማለት ነው። ዛሬ በአሜሪካ ደንብ አንደኛ ደረጃ የሚባለው ወተት ታልቦ ባለቀ በሁለት ሰዓት ውስጥ 7 ዲግሪና ከዚያ በታች መድረስ አለበት፤ ከአንድ ገበሬ የሚመጣ ጥሬ ወተትም በአንድ ሚሊ ሊትር ከ100,000 በላይ ባክቴሪያ ሊኖረው አይፈቀድም። ግን ቀዝቃዛ ጋን ውስጥ ለቀናት የሚቆይ ወተት የሱዶሞናስ ወገኖች መራቢያ ይሆናል። ሱዶሞናስ ራሱ በሙቀት ይሞታል፤ ያወጣው ፕሮቲንና ስብ ቆራጭ ኢንዛይም ግን ሙቀቱን ተቋቁሞ ይቀራል፤ ወተቱን ታሽጎ ከተሸጠ በኋላ እንኳ ያበላሸዋል። ስለዚህ ማቀዝቀዝ የሚሠራው ዕቃው መጀመሪያ ንጹሕ ሲሆን ነው።

በ1994 ሚኒሶታ ውስጥ የተሠራ የሽዋንስ አይስ ክሬም በሳልሞኔላ ተበክሎ በመላው አገሪቱ በግምት 224,000 ሰው አሳሟል። ጉዳዩን የደረሰበት የሚኒሶታ ጤና መምሪያ ነው። ፓስቸራይዝ የተደረገው የአይስ ክሬም ድብልቅ የተጓጓዘው ቀደም ሲል ጥሬ እንቁላል በጫኑ ቦቴ መኪናዎች ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ዳግመኛ አልተሞቀም። ብርዱ ባክቴሪያው እንዳይራባ ቢከለክልም አልገደለውም። አለመራባትና መሞት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ክስተት አላውቅም።

ሌላው የወተት ቤት ጭንቀት ቧንቧው ነው። ባክቴሪያ በብረት ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ ዝልግልግ ሽፋን ሠርቶ በውስጡ ይኖራል። እዚያው ሴንት ፖል ካምፓስ ይሠራ የነበረው ኤድመንድ ዞቶላ ይህን ባዮፊልም የሚባል ሽፋን በምግብ ፋብሪካ ውስጥ ለረጅም ጊዜ አጥንቶታል። ሽፋኑ ውስጥ ያለ ባክቴሪያ ለብቻው ከሚንሳፈፈው ዘመዱ ይልቅ የማጽጃ ኬሚካልን ይችላል። የወተት ፋብሪካ ሠራተኛ ሽፋኑን በየቀኑ በአልካሊና በአሲድ ያጥበዋል። በዚያው ከተማ ምሥራቃዊ ክፍል ግን ያንኑ ሽፋን የሚንከባከቡ ሰዎች ነበሩ።

ከ1865 ጀምሮ ቢራ ይጠመቅበት በነበረው፣ በኋላ በተዘጋው የሃምስ ፋብሪካ ውስጥ ኧርባን ኦርጋኒክስ የሚባል ድርጅት በ2014 ዓሣና አትክልት በአንድ ውሃ ማምረት ጀመረ። ፔንቴር የተባለው የውሃ መሣሪያ ኩባንያ አጋሩ ነበር። በትልልቅ ገንዳዎች ውስጥ የነበረው ዓሣ ቲላፒያ ነው፤ በጣናና በሐዋሳ ሐይቆች የምናውቀው የቆሮሶ ወገን። በ2017 ደግሞ በሽሚት ቢራ ፋብሪካ ግቢ 8,000 ካሬ ሜትር ገደማ የሚሆን ሁለተኛ ጣቢያ ተከፍቶ ቀዝቃዛ ውሃ የሚወዱ አርክቲክ ቻርና ሳልመን ገቡበት። ሥራው በ2019 ቆመ። አሠራሩ ግን የባክቴሪያን ጠባይ ለመረዳት ከማንኛውም መማሪያ መጽሐፍ ይሻላል።

ዓሣ የበላውን ፕሮቲን ትርፍ በአሞኒያ መልክ በስንጥቡ በኩል ያስወጣል። ውሃው ተመልሶ የሚዞር ከሆነ አሞኒያው ይከማቻል። አሞኒያው ምን ያህል መርዝ እንደሚሆን የሚወስነው ፒኤች ነው፤ በ25 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ፒኤቹ 7 ሲሆን መርዛማው ክፍል ከመቶ አንድ አይሞላም፤ 8 ሲሆን ከመቶ 5 ገደማ ይደርሳል፤ 9 ሲሆን ከሲሶው ያልፋል። ውሃው በፕላስቲክ ቁርጥራጮች በተሞላ ማጣሪያ ውስጥ ሲያልፍ፣ በቁርጥራጮቹ ላይ የተለጠፉት ናይትሮሶሞናስን የመሰሉ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጡታል። ናይትራይትም መርዝ ነው፤ የዓሣውን ደም ቡናማ አድርጎ ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርገዋል። ናይትሮስፓይራን የመሰሉት ቀጥለው ወደ ናይትሬት ይቀይሩታል። ናይትሬቱን ሰላጣውና በሶብላው ይመገቡታል።

እነዚህ ባክቴሪያዎች በጣም ዘገምተኛ ናቸው። የወተት ባክቴሪያ ሲመቸው በአንድ ሰዓት ገደማ ቁጥሩን እጥፍ ያደርጋል፤ ናይትሮሶሞናስ ግን ምንም ቢመቸው ሰባት ስምንት ሰዓት፣ ብዙ ጊዜም ከአንድ ቀን በላይ ይፈጅበታል። አዲስ ማጣሪያ ለሥራ እስኪደርስ ከአራት እስከ ስምንት ሳምንት የሚጠበቀው ለዚህ ነው። ገንዳ በሞላ ማግሥት ዓሣ የሚያስገባ ሰው ዓሣውን በአሞኒያ ይጨርሰዋል። ሌላም መዘዝ አለ። የዓሣው ኩስና የተረፈ መኖ ማጣሪያው ላይ ከደረሰ፣ ይህን የሚበሉ ፈጣን ባክቴሪያዎች በሽፋኑ ላይ ይንሰራፋሉ፤ ኦክስጅኑን ቀድመው ይጨርሱታል፤ ዘገምተኞቹ ታፍነው ይቀራሉ። ስለዚህ ጠጣሩ ቆሻሻ ከማጣሪያው በፊት መወገድ አለበት።

በወተትና በዓሣ ገንዳ መካከል ያለው ዋናው ልዩነት ለእኔ አሲዱ ላይ ነው። የእርጎ ባክቴሪያ በራሱ ቆሻሻ መኖሪያውን ያበላሻል፤ እኛ ደግሞ ያ ብልሽት እንዲጠራቀም እንተወዋለን፤ ምግቡን የሚጠብቅልን እሱ ነውና። የዓሣ ማጣሪያ ባክቴሪያም አሲድ ያወጣል፤ ግን እዚህ ከተጠራቀመ ሥራው ይቆማል። አንድ ግራም የአሞኒያ ናይትሮጅን ሲለወጥ 4.57 ግራም ኦክስጅንና በካልሲየም ካርቦኔት ሲሰላ 7.14 ግራም አልካሊ ይበላል። ካልተተካ ፒኤቹ ከ6.5 በታች ይወርድና ባክቴሪያው ይዝላል። ባለሙያው ኖራ ወይም ባይካርቦኔት እየጨመረ ያነሳዋል። አትክልቱ 6 አካባቢ ሲወድ ባክቴሪያው ከ7 በላይ ይሻዋል፤ ዓሣና አትክልት በአንድ ውሃ የሚያመርቱ ሰዎች 7 አካባቢ ላይ የሚቆሙት ለማስታረቅ ነው።

ሙቀቱም እንዲሁ ነው። ቲላፒያ የሚወደው 28 ዲግሪ አካባቢ ለናይትሮሶሞናስም ይመቻል። ቻር የሚወደው 12 ዲግሪ አካባቢ ግን ባክቴሪያውን ያዘገየዋል፤ ስለዚህ ያንኑ አሞኒያ ለማጽዳት ሰፋ ያለ ማጣሪያ ያስፈልጋል። በሽታውም አብሮ ይለወጣል። በሞቀ ውሃ ስንጥብ የሚያበሰብሰው ፍላቮባክቴሪየም ኮለምናሬ ይነሳል፤ በቀዝቃዛው ደግሞ ዘመዱ ሳይክሮፊለም የሳልመን ዘሮችን ያጠቃል።

በ2015 አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ ከዚያም ወደ ናይትሬት የመለወጡን ሁለቱንም ደረጃ ብቻውን የሚሠራ ባክቴሪያ መኖሩ ሲታወቅ የሙያው ሰዎች ተደንቀው ነበር፤ ከመቶ ዓመት በላይ ሥራው የግድ በሁለት የሚከፈል ይመስል ነበርና። ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ግኝቶች አንዱ የመጣው ከዓሣ እርባታ ማጣሪያ ነው፤ ያገኙት የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች ናቸው። ወገኖቹ አሞኒያ በጣም ባነሰበት ቦታ ይበረታሉ፤ በደንብ የሚጸዳ የዓሣ ውሃ ደግሞ እንዲህ ያለ ቦታ ነው።

በኢትዮጵያ በኩሬ ቆሮሶ የሚያረባ ገበሬ እንዲህ ያለ ማጣሪያ የለውም፤ አሞኒያውን በአብዛኛው የሚወስድለት አረንጓዴው አልጌ ነው። አልጌው ቀን ቀን ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ስለሚመጥ ከሰዓት በኋላ ፒኤቹ ወደ 9 ሊወጣ ይችላል፤ ማለዳ ላይ ያልጎዳ አሞኒያ ከሰዓት ይገድላል። ሌሊት ደግሞ አልጌውም ኦክስጅን ስለሚጠቀም ዓሣው ጎህ ሲቀድ አፉን ወደ ላይ አውጥቶ ይታያል። በእንዲህ ያለ ቀን መኖና ፍግ መጨመር መቆም አለበት፤ ሁለቱም ለፈጣኖቹ ባክቴሪያዎች ምግብ ሆነው የቀረውን ኦክስጅን ያስጨርሳሉ።

ወተቱንም ዓሣውንም በአንድ መንገድ የሚያገኝ አንድ ነገር ቢኖር አንቲባዮቲክ ነው። ጡቷ ታሞ መድኃኒት የተወጋች ላም ወተት፣ የመድኃኒቱ ቀሪ ከውስጡ እስኪወጣ፣ እርሾ ቢጨመርበትም አይረጋም። በአሜሪካ እያንዳንዱ የወተት ቦቴ ከመራገፉ በፊት ለፔኒሲሊን ወገኖች የሚመረመረው ለጤና ብቻ ሳይሆን ለአይብ ሠሪውም ሲባል ነው። የዓሣ ገንዳ ላይም መድኃኒት ውሃው ውስጥ ሲበተን በሽታ አምጪው ጋር ብቻ አይደርስም፤ ሁለት ወር የተጠበቀውን የማጣሪያ ሽፋን ሊገድለው ይችላል፤ ከበሽታው የተረፈው ዓሣም በሳምንቱ በአሞኒያ ሊያልቅ ይችላል። ስለዚህ የታመመው ዓሣ ከማጣሪያው ጋር ወደማይገናኝ ሌላ ገንዳ ተወስዶ ይታከማል፤ በዋናው ገንዳ ውስጥም አሞኒያና ናይትራይት በየቀኑ ይለካል።