ቋንቋ ከገበታ ሲለመድ
አሜሪካዊው ምሁር ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ መንዝ ውስጥ በገበሬዎች መካከል ተቀምጠው አኗኗራቸውን አጥንተዋል። በ1965 ባሳተሙት «ሰምና ወርቅ» እንዳስረዱት፣ የአማርኛ ንግግር ከላይ ከሚሰማው ሌላ ውስጠ ትርጉም ሊይዝ ይችላል።

ይህን መዝገበ ቃላት አያስተምርም። «በቃኝ» ያለ እንግዳ «በሞቴ» ተብሎ ሲጎርስ፣ እምቢታው እንደ ይሉኝታ መቆጠሩን የሚረዳው ገበታ ላይ ነው። ለልጅ «አንተ»፣ ለአዛውንት «አንቱ» ማለትንም ከቤተሰቡ አፍ ይለምዳል። ስፔን ወይም ሜክሲኮ ሄዶ ቤተሰብ ዘንድ የሚያድር ተማሪም «ቱ»ን ከአክብሮቱ «ኡስቴድ» የሚለየው እንዲሁ ነው።

አስተናጋጁ በእንግሊዝኛ ከመለሰ ግን ትምህርቱ ይቆማል። ውጭ የተወለዱ የዘመዶቻችን ልጆች ክረምቱን እኛ ዘንድ ከርመው አማርኛ ሳይዙ የሚመለሱበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ቢኮላተፉም በአማርኛ እንመልስላቸው።