ልጆቻችንና የፖኬሞን ግጥሚያ፦ ጠንካራ ቡድን እንዴት ይገነባል?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ወላጆች ስለ ልጆቻቸው ጨዋታ ከሚያነሷቸው ጥያቄዎች አንዱ ፖኬሞንን የሚመለከት ነው። አባት ልጁ ስልክ ላይ አቀርቅሮ ስለ እሳት፣ ስለ መርዝ፣ ስለ ዘንዶ ሲያወራ ይሰማል፤ ነገሩ ምን እንደሆነ ግን አያውቅም። ልጁም አባቱ እንደማይረዳው ስለሚያስብ አያስረዳም። እኛን ከጨዋታው ይልቅ የሚያሳስበን በመካከላቸው የሚፈጠረው ይህ ዝምታ ነው። ስለሆነም በዛሬው ጽሑፋችን ለወጣቶች የቡድን አገነባብን እናብራራለን፤ ለወላጆችም ልጆቻቸው ምን እያደረጉ እንደሆነ እናሳያለን፤ ኢንሻአላህ።

ጨዋታው ምንድን ነው?

ፖኬሞን የሚለው ስም «ፖኬት ሞንስተርስ» ከሚለው ያጠረ ሲሆን፣ «የኪስ አውሬዎች» እንደማለት ነው። የመጀመሪያዎቹ ጨዋታዎች እ.ኤ.አ. በ1996 በጃፓን ለገበያ ቀረቡ። ፈጣሪው ሳቶሺ ታጂሪ በልጅነቱ ነፍሳትን መሰብሰብ የሚወድ ሰው ነበር፤ አውሬዎችን እየሰበሰቡ የማሠልጠን ሐሳብም ከዚያ የመጣ ነው። ያን ጊዜ 151 የነበሩት አውሬዎች ዛሬ ከ1,000 በላይ ሆነዋል።

ጨዋታው በሙስሊሞች ዘንድ ክርክር አስነስቷል። እ.ኤ.አ. በ2001 የሳዑዲ ዐረቢያ ዑለማዎች ፖኬሞንን የሚከለክል ፈትዋ ሰጥተው ነበር፤ በዚያን ጊዜ በጂዳና በሪያድ ይኖሩ የነበሩ ወገኖቻችን ያስታውሱት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2016 «ፖኬሞን ጎ» የተባለው የስልክ ጨዋታ ሲወጣ ፈትዋው እንደገና ተነሣ። ከተጠቀሱት ምክንያቶች መካከል ቁማርና አውሬዎቹ ወደ ሌላ መልክ የሚለወጡበት «ኢቮሉሽን» የተባለው ነገር ይገኙባቸዋል።

እኛ ፈትዋ ሰጪዎች አይደለንም፤ ብይኑን የፈለገ ወላጅ የሚያምነውን ዓሊም ይጠይቅ። ጠያቂው ነገሩን አውቆ እንዲጠይቅ ግን ሁለት ነጥቦችን እናስታውስ። አንደኛ፣ የቁማሩ ስጋት ከባዶ የተነሣ አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ጨዋታዎች ውስጥ የቁማር ማሽን ነበረ፤ ከጊዜ በኋላ ከጨዋታዎቹ ወጥቷል። የፖኬሞን ካርዶች ደግሞ እስከ ዛሬ በታሸገ ፓኬት ይሸጣሉ፤ ገዢው ውስጡ ያለውን ሳያውቅ ይገዛል፤ ብርቅ የሆነው ካርድ በውድ ዋጋ ይቸበቸባል። የምንጽፍበት የቪዲዮ ግጥሚያ ግን ከካርዱ የተለየ ነው። ሁለተኛ፣ በጨዋታው «ኢቮሉሽን» የሚባለው አንድ አውሬ በዕድሜው መልኩን መለወጡ ነው፤ አባጨጓሬ ቢራቢሮ እንደሚሆነው ማለት ነው። ወላጅ ይህን ለይቶ ካወቀ ከልጁ ጋር በቀና መንገድ መነጋገር ይችላል።

ስድስት ይመዘገባሉ፣ አራት ይገባሉ

በይፋዊው ውድድር ተጫዋች ስድስት አውሬዎችን ያስመዘግባል። ግጥሚያው ከመጀመሩ በፊት ሁለቱም ወገኖች የተጋጣሚያቸውን ስድስቱን ያያሉ፤ ከዚያ እያንዳንዱ ከስድስቱ አራቱን ይመርጣል። በአንድ ጊዜ ሜዳ ላይ የሚቆሙት ሁለት ሁለት ናቸው። እያንዳንዱ አውሬ አራት ስልቶች ብቻ ይይዛል። አንድ ዓይነት አውሬ ሁለት ጊዜ ማስገባት አይፈቀድም፤ አንድ ዓይነት ዕቃ ለሁለት አውሬዎች ማስያዝም እንደዚሁ።

አውሬዎቹ በ18 ዓይነቶች ይከፈላሉ፤ ውሃ፣ እሳት፣ ሣር፣ ኤሌክትሪክ፣ መሬት፣ ብረትና የመሳሰሉት። ውሃ እሳትን በእጥፍ ይጎዳል፤ እሳት ሣርን፣ ሣርም ውሃን። ኤሌክትሪክ በመሬት ላይ ፈጽሞ አይሠራም። ብዙዎቹ አውሬዎች ሁለት ዓይነት ስላላቸው ጉዳቱ አንዳንዴ አራት እጥፍ ይደርሳል። አንድ ልጅ 18ቱን ከ18ቱ ጋር ሲያመሳክር 324 ግንኙነቶችን ይዟል ማለት ነው። ይህን ሁሉ በቃሉ የያዘ ልጅ የማስታወስ ችሎታ አንሶት የሒሳብ ማባዣውን ወይም የቁርኣን ሒፍዙን እንደማይዝ አድርገን ማሰብ አይገባንም። ጎደለ ከተባለ የጎደለው ፍላጎቱ ነው፤ ፍላጎትን መቀስቀስ ደግሞ የእኛ የአስተማሪዎችና የወላጆች ሥራ ነው።

የትንሿ አውሬ ቁም ነገር

ጀማሪ የሚሠራው የተለመደ ስሕተት ስድስቱን ጉልበተኛ አውሬዎች መሰብሰብ ነው። ይህ ቡድን አይባልም። እ.ኤ.አ. በ2014 በዋሽንግተን ዲሲ በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና የሆነው ነገር ይህን በሚገባ ያሳያል። ያን ዓመት በአዋቂዎች ምድብ ያሸነፈው ኮሪያዊው ሴ ጁን ፓርክ ከቡድኑ መካከል ፓቺሪሱ የተባለች ሽኮኮ መሰል አውሬ አስገብቶ ነበር። የፓቺሪሱ ችሎታዎች ድምር 405 ሲሆን፣ በዚያው ቡድን ውስጥ የነበረው ጋርቾምፕ ድምር 600 ነው። በዚያ መድረክ እርሷን ይዞ የሚመጣ ሰው ይኖራል ብሎ የጠበቀ አልነበረም ማለት ይቻላል።

ፓርክ ግን ያየው ድምሩን ሳይሆን ሥራውን ነው። ከቡድኑ ዋና አጥቂዎች አንዱ ጋያራዶስ ይባላል፤ ውሃና በራሪ በመሆኑ ኤሌክትሪክ አራት እጥፍ ይጎዳዋል። ፓቺሪሱ በበኩሏ «ፎሎው ሚ» የተባለውን ስልት ትጠቀማለች፤ ይህም ወደ ጓደኛዋ የተወረወረውን ጥቃት ወደ ራሷ ይስባል። ተፈጥሮዋ ደግሞ ኤሌክትሪክ ሲመታት ከመጎዳት ይልቅ የሚያድናት ነው። እንግዲህ ጋያራዶስን ሊጥል የሚችለው ጥቃት ፓቺሪሱን የሚያበረታ ምግብ ይሆናል ማለት ነው። ብቻዋን ደካማ የሆነችው አውሬ በትክክለኛው ቦታ ስትቆም ቡድኑን አቆመች።

ቡድን ለመገንባት ስድስት ደረጃዎች

ወጣት አንባብያን ሆይ! ይህን መሠረት አድርጋችሁ በሚከተለው ቅደም ተከተል ብትሠሩ ይበጃችኋል።

1ኛ. በአንድ ሐሳብ ጀምሩ። «በማን ነው የማሸንፈው?» ብላችሁ ጠይቁና አንድ ዋና አጥቂ ምረጡ።

2ኛ. ጠላቶቹን ጻፉ። የመረጣችሁትን አጥቂ የሚያሸንፉት ዓይነቶች የትኞቹ ናቸው? ሁለተኛው አውሬ መመረጥ ያለበት እነዚህን ለመመከት ነው።

3ኛ. ፍጥነትን አስቡ። ቀድሞ የመታ ብዙ ጊዜ ያሸንፋል። «ቴይልዊንድ» የተባለው ስልት የቡድኑን ፍጥነት ለአራት ዙር በእጥፍ ያሳድጋል። «ትሪክ ሩም» ደግሞ ለአምስት ዙር ቅደም ተከተሉን ይገለብጠዋል፤ ቀርፋፋው ቀድሞ ይመታል። ቀርፋፋነት እንኳ ቦታውን ካገኘ ጥቅም አለው።

4ኛ. ረዳት አትርሱ። ጥቃትን የሚስብ፣ የተጋጣሚን ጉልበት የሚቀንስ ወይም ጓደኛውን የሚያድን አውሬ ሊኖር ይገባል። ለብዙዎቹም «ፕሮቴክት» የተባለውን የአንድ ዙር መከላከያ ስጧቸው።

5ኛ. ነጥቦችን በልክ አከፋፍሉ። እ.ኤ.አ. በ2022 በወጡት «ስካርሌት» እና «ቫዮሌት» በተባሉት ጨዋታዎች ለእያንዳንዱ አውሬ 510 የሥልጠና ነጥብ አለው፤ ከስድስቱ ችሎታዎች ለአንዱ ከ252 በላይ አይሰጥም። ለሁለቱ ሙሉውን ከሰጣችሁ 6 ነጥብ ብቻ ይቀራል። የበሰለ ተጫዋች ግን «የታወቀውን ጥቃት አንድ ጊዜ ችሎ ለማለፍ ስንት ይበቃዋል?» ብሎ ያሰላል፤ የተረፈውን ለሌላው ይሰጣል። በሒሳብ ክፍለ ጊዜ የሚያንቀላፋ ልጅ ይህን ስሌት በደስታ ሲሠራ ይታያል።

6ኛ. ሽንፈታችሁን መዝግቡ። በደብተር ላይ «ለምን ተሸነፍኩ?» ብላችሁ ጻፉ። አንድ ምክንያት ሦስትና አራት ጊዜ ከተደጋገመ አንድ ነገር ብቻ ለውጡና እንደገና ሞክሩ። ሁሉንም ባንድ ጊዜ የለወጠ ሰው የትኛው እንደጠቀመው አያውቅም።

ውድ መሣሪያ መግዛት ግዴታ አይደለም። «ፖኬሞን ሾውዳውን» የተባለው መለማመጃ በኢንተርኔት በነጻ ይገኛል። ሆኖም ከማያውቋቸው ሰዎች ጋር የሚጻጻፉበት ክፍል ስላለው፣ ወላጆች ከልጆቻቸው ጋር ሆነው እንዲያዩት እናሳስባለን።

ቦታን መጠበቅ

ጨዋታን ከሶሓቦች ተጋድሎ ጋር ማመሳሰላችን አይደለም፤ አላህ ይጠብቀን። ነገር ግን ሙስሊም ልጅ ቦታን የመጠበቅን ትምህርት ከሁሉ አስቀድሞ ከሲራ ሊያገኘው ይገባል። በሦስተኛው ዓመተ ሒጅራ በኡሑድ ዘመቻ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) 50 ቀስተኞችን በዐብዱላህ ኢብኑ ጁበይር (ረ.ዐ) መሪነት ኮረብታው ላይ አቁመው፣ ቦታቸውን እንዳይለቁ አዘዋቸው ነበር። ድሉ የተረጋገጠ በመሰለ ጊዜ አብዛኞቹ ለምርኮ ብለው ወረዱ፤ የውጊያውም መልክ ተለወጠ። የቀስተኞቹ ቦታ ከሩቅ ሲያዩት ትንሽ ይመስል ነበር፤ የመላው ሠራዊት ጀርባ ግን በእርሱ ላይ ነበር። ልጃችን ይህን ታሪክ ከእኛ ሰምቶ ወደ ጨዋታው ቢመለስ፣ ወይም ከጨዋታው ተነሥቶ ታሪኩን ቢጠይቀን ምንኛ መልካም ነው!

አማናና ሰዓት

እ.ኤ.አ. በ2023 በጃፓን ዮኮሃማ በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና የተወሰኑ ተጫዋቾች ከውድድር ተሰርዘዋል። ምክንያቱ አውሬዎቻቸው በጨዋታው ውስጥ የሠለጠኑ ሳይሆኑ ከውጭ በመጣ ፕሮግራም የተሠሩ ወይም የተነካኩ ሆነው መገኘታቸው ነው። አንዳንዶች «ማሠልጠኑ ጊዜ ይፈጃል፤ ፕሮግራሙ ጊዜ ቆጠበልን እንጂ ብልጫ አልሰጠንም» ሲሉ ተከራክረዋል። ለሙስሊም ወጣት ግን ሕጉን አውቆና ተስማምቶ ከገባ በኋላ በስውር መጣስ አማናን ማጉደል ነው። በጨዋታ የተለመደ ማጭበርበር ነገ በፈተና ክፍል፣ ከነገ ወዲያ በሚዛን ላይ ይገኛል።

የሰዓቱ ጉዳይ ደግሞ ከሁሉ ይከብዳል። ከሌላ ሰው ጋር የሚደረግ ግጥሚያ ከተጀመረ ለአፍታ ማቆም አይቻልም፤ የተወ ይሸነፋል። ስለዚህ አዛን ሲቃረብ የተጀመረ ግጥሚያ ልጁን በሶላትና በሽንፈት መካከል ያቆመዋል። መፍትሔው ከዚያ አጣብቂኝ ውስጥ አስቀድሞ አለመግባት ነው። ግጥሚያ ከሶላት በኋላ እንጂ ከሶላት በፊት አይጀመር፤ በመግሪብና በዒሻ መካከል ያለው ጊዜ አጭር ስለሆነ ለቁርኣንና ለቤተሰብ ይተው። ይህን ደንብ ከልጁ ጋር ተመካክሮ ማውጣት ከቁጣ ይልቅ ይጸናል፤ ሹራ በቤትም ውስጥ ነውና።

ወላጆች ሆይ! ዛሬ ማታ ልጃችሁን «ቡድንህ ውስጥ ያሉት እነማን ናቸው? እያንዳንዱስ ሥራው ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። መልሱን በትዕግሥት ስሙ። ስድስት አውሬዎችን እያንዳንዳቸውን በየቦታቸው ማቆም የቻለ ልጅ፣ በቤቱ ውስጥ የእናቱን፣ የታናሽ እኅቱንና የራሱን ቦታ ማየት አያቅተውም፤ የሚያሳየው ሰው ካገኘ።

አላህ (ሱ.ወ) ልጆቻችንን ይጠብቅልን፤ ጊዜያቸውንም ይባርክላቸው። አሚን።