ስለ ቤት ውስጥ ተክል ማሳደጊያ መብራት፤ ጥቅሙና ወጪው

በዚህ ዘመን በልዩ ልዩ አገር ያሉ ሰዎች ፀሐይ በማይገባበት ቤት ውስጥ፣ በኤሌክትሪክ ብርሃን ብቻ፣ ቅጠላ ቅጠልና አበባ ችግኝም ያሳድጋሉ። የዚህ ነገር ወሬ በአገራችንም እየተሰማ ስለ ሄደ፣ አገር አስተዳዳሪዎች፣ የወረዳ ሹማምንትና ባለ እርሻዎች «ይህ መብራት ለእኛ ይጠቅማልን?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። ሳይመረምር የሚገዛ ሰው ገንዘቡን በከንቱ ያጠፋል፤ ሳይመረምር የሚንቅም ሰው ለዘርና ለችግኝ የሚገኘውን ትልቅ ጥቅም ያጣል። ስለዚህ የመብራቱን ጠባይ፣ የሚፈጀውን ኃይልና የሚገባውን ሥራ ከዚህ ቀጥሎ እንገልጻለን። ዘመኑ ሁሉ የተጻፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

የነገሩ አጀማመር

ተክልን በኤሌክትሪክ ብርሃን ማሳደግ አዲስ አሳብ አይደለም። በ1880 ዊልያም ሲመንስ የተባለው ሊቅ በእንግሊዝ አገር በሌሊት ለአትክልት መብራት እያበራ እድገታቸው እንደሚፋጠን አሳይቶ ነበር። በ1920ም ጋርነርና አላርድ የተባሉ ሁለት የአሜሪካ መንግሥት የእርሻ ሊቃውንት ትምባሆንና ሌሎችን ተክሎች መርምረው፣ ብዙ ተክል የሚያብብበትን ጊዜ የሚወስነው የቀንና የሌሊት ርዝመት መሆኑን አስረዱ። ነገር ግን የዚያ ዘመን አምፑል ኃይል የሚፈጅ፣ ሙቀቱም ቅጠል የሚያቃጥል ስለ ነበረ ሥራው በሰፊው ሊስፋፋ አልቻለም።

ነገሩን የለወጠው ኤልኢዲ የተባለው መብራት ነው። በ1962 ኒክ ሆሎንያክ የተባለው አሜሪካዊ ቀይ ብርሃን የሚሰጠውን ሠራ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ አካሳኪ፣ አማኖና ናካሙራ የተባሉት የጃፓን ተወላጆች ደማቅ ሰማያዊውን አገኙ፤ ስለዚህም ሥራ በ2014 የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። ቅጠል ከሁሉ አብልጦ የሚወስደው ቀዩንና ሰማያዊውን ብርሃን ስለ ሆነ፣ ሁለቱ ሲገኙ ለተክል የሚስማማ መብራት ለመሥራት መንገዱ ተከፈተ። ሰማያዊው ግንዱን አጭርና ጠንካራ ያደርገዋል፤ ቀዩም ለእድገት የሚሆነውን ኃይል በጥቂት ወጪ ይሰጣል። ጥሩ ኤልኢዲ ከቀድሞው የሶዲየም አምፑል ጋር እኩል ኃይል እየወሰደ፣ ለተክል የሚጠቅም ብርሃን አንድ ተኩል እስከ ሁለት እጥፍ ያህል ይሰጣል። ቅጠሉንም ስለማያቃጥል በመደርደሪያ ላይ አቅርቦ መስቀል ይቻላል።

ስለ ወጪው

በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የተተከለ ሰላጣ በጥሩ ኤልኢዲ በቂ ብርሃን እንዲያገኝ በቀን 1.4 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ኤሌክትሪክ ያስፈልገዋል። ይህ ጥቂት ይመስላል፤ ነገር ግን በሄክታር ሲቆጠር በቀን 14,000 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። ቀድሞ አንድ ጋሻ በሚባለው ስፋት፣ ማለት በ40 ሄክታር፣ ሲታሰብ ደግሞ በቀን 560,000 ይደርሳል፤ ይህም ሌት ተቀን ሳያቋርጥ 23 ሜጋዋት የሚያመነጭ ጣቢያን ኃይል ሁሉ የሚወስድ ነው። ስንዴ ደግሞ ከሰላጣ የበለጠ ብርሃን ይፈልጋል። ስንዴን የመሰለ ተክል ከሚያገኘው የፀሐይ ኃይል ወደ አካሉ ሊለውጥ የሚችለው ከፍ ቢል ከመቶ 4.6 ብቻ መሆኑን ሊቃውንት ቆጥረዋል። ስለዚህ እህልን በመብራት ማብቀል ፀሐይ በነጻ የምትሰጠውን ነገር በብዙ ገንዘብ እንደ መግዛት ነው። በሀብታሞቹ አገሮች እንኳ ነገሩ አላዋጣ ያላቸው አሉ፤ በአሜሪካ ኒው ጀርሲ ታዋቂ የነበረው ኤሮፋርምስ የተባለው የቤት ውስጥ እርሻ ኩባንያ በ2023 የኪሳራ ጥበቃ ለመጠየቅ ተገድዷል።

ለአገራችን የሚገባው ሥራ

1ኛ፤ ንጹሕ ችግኝ ማባዛት። ድንች፣ ሙዝ፣ ሸንኮራ አገዳና እንሰት ከቡቃያቸው ጫፍ ጥቂት ተቆርጦ በጠርሙስ ውስጥ ሲያድጉ ከበሽታ የነጻ ብዙ ችግኝ ይገኛል። ጠርሙሱ የሚቀመጠው በዝግ ክፍል ውስጥ ባለ መደርደሪያ ላይ ስለ ሆነ መብራት የግድ ነው። በትንሽ ክፍል የተባዛው ችግኝ ብዙ ማሳ ስለሚሸፍን የመብራቱ ዋጋ ለያንዳንዱ ገበሬ ሲካፈል ጥቂት ይሆናል።

2ኛ፤ ዘር ማሻሻል። በ2010 ቢጫ ዋግ ኩብሳ የተባለውን ስንዴ፣ በ2013ም የግንድ ዋግ ዲገሉ የተባለውን እንዴት እንደ ጎዳ የአርሲና የባሌ ገበሬ አይረሳውም። አዲስ በሽታ ሲነሣ የሚቋቋመውን ዘር ለማግኘት ብዙ ትውልድ ማዳቀልና መምረጥ ያስፈልጋል። በ2018 የአውስትራልያና የእንግሊዝ ተመራማሪዎች በቀን 22 ሰዓት ብርሃን በመስጠት በአንድ ዓመት እስከ ስድስት የስንዴ ትውልድ ለማግኘት እንደሚቻል አስታውቀዋል። በዚህ የሚተርፈው ጊዜ የገበሬውን አዝመራ ከጥፋት የሚያድን ሊሆን ይችላል።

3ኛ፤ የአበባ እርሻ። አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ ስለ ሆነች በአዲስ አበባ የዓመቱ ረጅሙ ቀን ከአጭሩ የሚበልጠው በአንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ሃይፔሪከምና ጂፕሶፊላ የተባሉት አበቦች ግን ለማበብ ረጅም ቀን ይፈልጋሉ። ስለዚህ ምግባቸውን ከፀሐይ እያገኙ፣ ሌሊቱን ለማሳጠር ጥቂት ብርሃን ይበራላቸዋል። ይህ ደካማ ብርሃን ስለሚበቃው ወጪው ቀላል ነው። ነገር ግን ብርሃኑ ወደ ጎረቤት ማሳ እንዳይፈስ መጠንቀቅ ይገባል፤ አኩሪ አተርን የመሰለ ረጅም ሌሊት የሚወድ ሰብል በመብራት አጠገብ ሲሆን ሳይደርስ ለምልሞ ይቀራልና።

ከመግዛት በፊት የሚጠየቅ

መብራት ይገዛ የሚል አሳብ የቀረበለት ሹም ፊርማውን ከማኖሩ በፊት እነዚህን ይመርምር። ሥራው በፀሐይ ሊሠራ የማይቻል ነውን? ሻጩ የብርሃኑን ብዛት በሉመን ብቻ ቢነግር አይበቃም፤ ሉመን የሰውን ዓይን እንጂ የተክልን ፍላጎት አይለካምና። መብራቱ በአንድ ጁል ስንት ማይክሮሞል እንደሚሰጥ ይጠየቅ፤ ሦስት ወይም ከዚያ በላይ ቢሆን መልካም ነው። ኃይል ሲቋረጥ ችግኙን የሚያተርፍ ምን ተዘጋጅቷል? የሚገኘው ምርት የኤሌክትሪኩን፣ የማቀዝቀዣውንና የሠራተኛውን ዋጋ ይመልሳልን? ለእነዚህ በጽሑፍ ግልጽ መልስ ያልተገኘ እንደ ሆነ ግዢውን ማቆየትና ከምርምር ማዕከል ባለሙያ ጋር መማከር ይሻላል። መልሱ ጥሩ ሆኖ ሲገኝ ግን፣ ይልቁንም ለንጹሕ ችግኝና ለዘር ማሻሻያ ሲሆን፣ የሚወጣው ገንዘብ ለብዙ ገበሬ የሚተርፍ ስለ ሆነ በመዘግየት ዕድሉን ማሳለፍ አይገባም።