የቅማንት ሕዝብ ታሪክና አኗኗር፤ ለእኛ ለመምህራን ምን ያስተምረናል?



ባለፈው ሰሞን አንድ ማታ በመኝታ ክፍላችን ስንጫወት ከመካከላችን አንዱ ሌላውን ለማናደድ ብሎ «አንተ ቅማንት!» አለው። ሁላችንም ሳቅን። ያልሳቀው አንድ ጓደኛችን ብቻ ነበር። ቆየት ብሎ «አያቴ እኮ በጎቻቸውን የሚቆጥሩት በቅማንትነይ ነው» አለን። ሳቁ እዚያው ላይ ቀረ። ሁለት ዓመት አብሮን ሲኖር ይህን አንድም ቀን ነግሮን አያውቅም።

ያን ዕለት አንድ ነገር ገባን። ስለ ቅርብ ጎረቤታችን የምናውቀው ስድቡን ብቻ ነበር። ነገ ተበታትነን የምናስተምረው ደግሞ የእነዚሁ ሰዎች ልጆችን ነው። ስለዚህ መጻሕፍት አገላበጥን፣ ዐዋቂዎችንም ጠየቅን። ያገኘነውን ባጭሩ እናቀርባለን።

ቅማንት ማን ነው?

ቅማንት ከጥንታዊው የአገው ሕዝብ አንዱ ክፍል ነው። የሚኖረውም ከጎንደር ከተማ ዙሪያ ጀምሮ በከርከር፣ በላይ አርማጭሆና በጭልጋ ደጋና ወይና ደጋ፣ አልፎም እስከ መተማና ቋራ ባለው አገር ነው። ከአዘዞ ተነሥቶ በአይከል በኩል ወደ መተማ የሚወስደውን መንገድ የሚያውቅ ሁሉ በአገሩ መካከል አልፏል ማለት ነው። ሽማግሌዎች ሲተርኩ አባቶቻቸው ከከነዓን ምድር እንደመጡ ይናገራሉ።

ቋንቋው ቅማንትነይ ይባላል። ከብሌን፣ ከኽምጣና ከአዊ አገውኛ ጋር የአንድ እናት ልጅ ነው። አራት «ስጃ»፣ አምስት «አንኳ»፣ ዐሥር «ሽካ» ይባላል።

እዚህ ላይ «ታዲያ ከእኛ ጋር ምን አገናኘው?» የሚል አይጠፋም። በግእዝ ዓረፍተ ነገር ግሡ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ፊት ይመጣል። በአማርኛ ግን መጨረሻ ላይ ይቀመጣል። የቋንቋ ሊቃውንት ይህን የአማርኛ ጠባይ ከአገውና ከሌሎች የኩሽ ቋንቋዎች የተወረሰ ነው ይሉታል። እንግዲህ በስድባችን ውስጥ እንኳ የአገው እጅ አለበት ማለት ነው!

እምነቱና ኑሮው

ቅማንት እንደ ሌላው የጎንደር ገበሬ በሬ ጠምዶ ጤፍና ገብስ፣ ቆላ ቀመስ በሆነው ቦታ ደግሞ ዳጉሳ እየዘራ የሚኖር ሕዝብ ነው። ከሌላው የሚለየው በጥንት እምነቱ ነበር። በአንድ አምላክ ያምናል። ቅዳሜን ያከብራል፣ በዚያ ቀንም እሳት አያነድም። ስለሚበላውና ስለማይበላው ሥጋ ከብሉይ ኪዳን ጋር የሚመሳሰል ሥርዐት አለው። ጸሎትና መሥዋዕት የሚቀርበው በሕንፃ ውስጥ ሳይሆን በተከበረ ዱር፣ በትልልቅ ዛፎች ሥር ነው። በዚያ የሚጸለይበት ቋንቋ ቅማንትነይ ነው። ዛፉን መቁረጥ ነውር ነው።

የሃይማኖቱ ዋና መሪ «ወምበር» ይባላሉ። ወምበሩ ካህን ብቻ አይደሉም፤ ዳኛም ናቸው። የድንበር ጠብና የቤተሰብ ክርክር ከፊታቸው ይቀርብ ነበር። ሕዝቡም «ከበር» እና «የታንቲ» በሚባሉ ሁለት ወገኖች ይከፈል ነበር። የከበር ልጅ የምታገባው ከየታንቲ፣ የየታንቲ ልጅም ከከበር ነው። ከገዛ ወገን መጋባት አይፈቀድም።

ስድቡ ከየት መጣ?

አፄ ፋሲል ጎንደርን በ1628 ዓ.ም. ገደማ መናገሻ ካደረጉ ወዲህ ከተማዋ ብዙ ማገዶ ትፈልግ ነበር። ይህን ከተራራው እየቆረጡ ያመጡ የነበሩት በአብዛኛው ቅማንቶች ናቸው። በ1762 ዓ.ም. ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ስለ እነሱ ጽፏል። የሴቶቹን በከባድ ጉትቻ የተለጠጠ ጆሮም ጠቅሷል። እንጨት ተሸክመው ቁልቁል የሚወርዱ ሴቶች በከተማው ዘንድ መታወቂያቸው ሸክማቸው ሆነ። በኋላም «ከእንጨት ተወለዱ» የሚል ቀልድ ወጣባቸው። እንግዲህ ፍረዱ! የከተማውን ምጣድ ያሰማ የነበረው ማገዶ ለተሸካሚው መሰደቢያ ሆነ።

ቋንቋው እንዴት ተዳከመ?

በአፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን (1864–1881 ዓ.ም.) የጥንቱን እምነት ትቶ እንዲጠመቅ በሕዝቡ ላይ ግፊት ነበር። ብዙው የተጠመቀው ግን ከዚያ ወዲህ ባለው ዘመን ነው። ጸሎቱ ሲቀር የጸሎቱ ቋንቋም አብሮ ቀረ። ገበያው፣ ፍርድ ቤቱ፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ በኋላም ትምህርት ቤቱ ሁሉም በአማርኛ ሆነ። አማርኛ መማሩ መልካም ነበር፤ ለሁላችን መግባቢያ ነው። ጉዳቱ አማርኛ በመጨመሩ ሳይሆን ቅማንትነይ በማሳፈሩ ነው። ወላጆች «ልጄ እንዳይሰደብ» ብለው በልጆቻቸው ፊት መናገሩን ተዉት።

አሜሪካዊው ፍሬድሪክ ጋምስት በ1950ዎቹ አጋማሽ ከሕዝቡ ጋር ተቀምጦ አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1969 መጽሐፍ አወጣ። የአገራችን ምሁር ዘለዓለም ልየውም ስለ ቋንቋው መዳከም የጻፉት መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ2003 ታትሟል። በ1987ቱ የሕዝብ ቆጠራ ቅማንት ነኝ ያለው ከ172 ሺህ በላይ ሲሆን ቋንቋውን አፍ መፍቻዬ ያለው ግን 1,700 እንኳ አይሞላም። ከመቶ አንድ ሰው ማለት ነው። በ1999ኙ ቆጠራ ደግሞ ስሙ ለብቻው አልተመዘገበም። በ2007 ዓ.ም. የአማራ ክልል ምክር ቤት የቅማንትን የራስ አስተዳደር በ42 ቀበሌዎች አጸደቀ። ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት በወሰንና በአስተዳደር ጥያቄ ምክንያት ከሁለቱም ወገን የሰው ሕይወት ጠፍቷል። በአንድ ገበያ ሲገበያዩ፣ ሲጋቡና ክርስትና ሲነሣሡ የኖሩ ጎረቤቶች ስለሆኑ ሐዘኑ የሁላችን ነው።

ከባሕር ማዶ አንድ ምሳሌ

በሰሜን አሜሪካ ኮማንች የሚባል፣ በፈረሰኛነቱና ጎሽ በማደኑ የታወቀ ሕዝብ አለ። እ.ኤ.አ. በ1875 የመጨረሻዎቹ ተዋጊዎች ከነመሪያቸው ከኳና ፓርከር እጃቸውን ሰጡ። ልጆቻቸውም አዳሪ ትምህርት ቤት ገቡ። እዚያ በቋንቋው ሲናገር የተገኘ ልጅ ይቀጣ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ግን የአሜሪካ ጦር የኮማንች ወጣቶችን ፈልጎ መለመለ። እ.ኤ.አ. በ1944 ኖርማንዲ ላይ በቋንቋቸው ምስጢራዊ መልእክት አስተላለፉ፤ ጀርመኖችም ሊፈቱት አልቻሉም። መምህራን የቀጡበት ቋንቋ የወታደሮችን ሕይወት አዳነ። ሆኖም ከጦርነቱ በኋላም ልጆች እየተውት ሄዱ፣ ዛሬ አቀላጥፈው የሚናገሩት ጥቂት አረጋውያን ናቸው።

ከእኛ ምን ይጠበቃል?

ከሁለቱ ታሪኮች የተረዳነው፣ ቋንቋ ከሚሞትባቸው ቦታዎች አንዱ የመማሪያ ክፍል መሆኑን ነው። በአንድ ሳቅ ልጁ አፉን ይዘጋል። ስለዚህ እኛ ዕጩ መምህራን፦

1ኛ. በክፍላችን የሕዝብ ስም ስድብ ሆኖ ሲነገር ዝም አንበል። ከራሳችን መኝታ ክፍል እንጀምር።

2ኛ. ተማሪውን «አያትህ ይህን ምን ይሉታል?» ብለን እንጠይቅ፤ ቃሉንም ጥቁር ሰሌዳው ላይ እንጻፍለት።

3ኛ. በምንመደብበት ቀበሌ ሽማግሌዎች የሚያውቁትን ቃል፣ ተረትና የቦታ ስም በደብተር እንመዝግብ። ደመወዝ አይጠይቅም፣ አንድ እርሳስ ይበቃል።

ያ ጓደኛችን አሁን ማታ ማታ መቁጠር ያስተምረናል። እስከ ሽካ ደርሰናል። «ሽካ»ን ስንሳሳት እሱ ይስቅብናል፤ ተራው ነው። በዓል ደርሶ ወደ አገሩ ሲሄድ አያቱን የሚጠይቅልን የቃላት ዝርዝር እያዘጋጀን ነው። መጨመር የሚፈልግ ወረቀቱን ከዚህ ጽሑፍ ሥር ይለጥፍልን።