ድመት በቤት መኪና፣ በበቆሎ አገር

ድመት የምትለምደው ሰውን ሳይሆን ቤትን ነው ሲባል እንሰማለን። ነገሩ ከሞላ ጎደል እውነትነት አለው። ድመት ጉንጯንና ጎኗን በየዕቃው ላይ እያሻሸች በራሷ ሽታ ክልሏን ታበጃለች፤ ሽታዋ የሌለበት ቦታ ሲገጥማት ትደበቃለች፣ ምግብም ትተዋለች። ታዲያ ይህችን እንስሳ ይዘው በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር የሚጓዙ አሜሪካውያን እንዴት ነው የሚሆንላቸው? መልሱ ቀላል ነው፦ ቤቱንም አብረው ይዘውት ይሄዳሉ።

አር ቪ ይሉታል፤ እኛ የቤት መኪና ብንለው ያስኬዳል። አልጋ፣ ምድጃ፣ ማቀዝቀዣና መጸዳጃ ያለው መኪና ማለት ነው። ዊኒቤጎ የተባለው ስመ ጥር ፋብሪካ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1958 አዮዋ ውስጥ፣ ፎረስት ሲቲ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ዛሬ ደግሞ አብዛኞቹ የሚሠሩት ኢንዲያና ውስጥ በኤልክሃርት አካባቢ ነው። ሁለቱም የእርሻ አገር ናቸው። ስለዚህ መኪናው በበቆሎ ማሳ መሀል ሲያልፍ እንግዳ አይደለም፤ እንግዳዋ ድመቷ ናት።

ደራሲው ጆን ስታይንቤክ እ.ኤ.አ. በ1960 አሜሪካን በእንዲህ ዓይነት መኪና ሲዞር ይዞ የሄደው ውሻውን ቻርሊን ነበር፤ መጽሐፉም በ1962 ወጥቷል። ውሻው ከማያውቀው ሰው ጋር ወሬ ያስጀምርለት ነበር። ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች የሚያስቀና ነገር ነው! ድመት ግን እንዲህ ያለ ውለታ አትውልም። ውስጥ ተቀምጣ በመስኮት ታያለች፤ ለእሷ ሰላማዊ ጉዞ ማለትም ይኸው ነው።

መኪናው ሲንቀሳቀስ ድመቷ በመያዣ ሳጥኗ ውስጥ፣ ሳጥኑም በቀበቶ ታስሮ መሆን አለበት። የተፈታች ድመት ከፍሬን ፔዳሉ ሥር ልትገባ ትችላለችና። ሲቆም ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ብዙዎቹ የቤት መኪናዎች ቁልፍ ሲጫኑ ግድግዳቸው እንደ መሳቢያ ወደ ውጪ እየወጣ ክፍሉን ያሰፋል። ድመት ጠባብ ጉድጓድ ስለምትወድ እዚያ ስልት ውስጥ ትገባለች፤ ግድግዳው ሲመለስ ይጨፈልቃታል። ስለዚህ ያንን ቁልፍ ከመጫን በፊት ድመቷ የት እንዳለች በዓይን ማየት ግድ ነው። «አልጋው ላይ ነበረች» አይበቃም።

ከሁሉም የሚከፋው ግን ሙቀት ነው። ውጪው 21 ዲግሪ ሴልሺየስ በሆነበት ቀን እንኳ ፀሐይ ላይ የቆመ ዝግ መኪና ውስጡ በግማሽ ሰዓት 40 ዲግሪ ገደማ ሊደርስ ይችላል። ሰዎች ኤር ኮንዲሽነሩን ከፍተው ገበያ ይወጣሉ፤ መብራት ሲጠፋ ግን ማሽኑም ይቆማል። ሙቀቱ ሲጨምር በስልክ መልእክት የሚልክ መሣሪያ አለ፤ ችግሩ ገጠር ውስጥ ኔትወርክ ደካማ ነው። (ይህ ችግር ለእኛም አዲስ አይደለም።)

የአዮዋና የነብራስካ ገጠር ከአውሮፕላን ሲያዩት እንደ ዳማ ሰሌዳ ነው። ምክንያቱ እ.ኤ.አ. በ1785 የወጣ የመሬት ሕግ ነው፤ በዚያ መሠረት አገሩ አንድ ማይል በአንድ ማይል እየሆነ ተሸነሸነ፣ መንገዱም አብዛኛውን ጊዜ ያንን መስመር ተከትሎ ወጣ። በነሐሴ በቆሎው ከ2 ሜትር በላይ ስለሚሆን መስቀለኛ መንገድ ላይ ከጎን የሚመጣ መኪና አይታይም። በመከር ወቅት ደግሞ ከኋላው ብርቱካናማ ሦስት ማዕዘን ምልክት የለጠፈ ኮምባይነር በሰዓት ከ40 ኪሎ ሜትር ባነሰ ፍጥነት ያዘግማል። ድንገት ፍሬን የሚያዘው እዚህ ነው፤ የሳጥኑ ቀበቶ ጥቅሙ ያኔ ይታያል።

እዚህ በር ከፍቶ የዘነጋ ሰው ድመቱን በበቆሎ ውስጥ ፈልጎ ማግኘቱ ዘበት ነው። ከቆዳ ሥር የሚቀበረው፣ የሩዝ ፍሬ የሚያህለው ማይክሮቺፕ ያለችበትን ይጠቁማል የሚሉ አሉ፤ ስህተት ነው። በውስጡ ያለው ቁጥር ብቻ ነው። የሚጠቅመው ሰው አግኝቷት ሐኪም ዘንድ ሲወስዳትና በማንበቢያ ሲታይ ነው፤ ቁጥሩ በባለቤቱ ስልክ ካልተመዘገበ ደግሞ ያም የለም።

እርሻ ቤት ግቢ ውስጥ የሚያድር ተጓዥ የአይጥ መርዝ መኖሩን መጠየቅ አለበት። ለውሻ ቁንጫ የሚሸጠው ፐርሜትሪን ያለበት መድኃኒትም ድመትን ይገድላል። ሰው ግን ብዙም የማይጠረጥረው ወተቱን ነው። እኛም ዘንድ ለድመት ወተት መስጠት እንደ ደግነት ይቆጠራል አይደል? እ.ኤ.አ. በማርች 2024 ኤች 5 ኤን 1 የተባለው የወፍ ጉንፋን ቴክሳስና ካንሳስ ውስጥ በወተት ላሞች ላይ መገኘቱ ተረጋገጠ። በአንድ የቴክሳስ እርባታ የታመሙትን ላሞች ጥሬ ወተት ይጠጡ ከነበሩ 24 ገደማ ድመቶች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሞቱ። ከመሞታቸው በፊት ዓይናቸው ጠፍቶ፣ በአንድ ቦታ ይሽከረከሩ ነበር። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ኦሪገን ውስጥ ከቤት የማትወጣ አንዲት ድመት ጥሬ የቱርክ ሥጋ ያለበት የእንስሳት ምግብ በልታ በዚሁ በሽታ ሞታለች። በሩ ተዘግቶም በሳህን ገባ ማለት ነው። ፓስቸራይዝ የተደረገ ወተት ውስጥ ቫይረሱ ይሞታል፤ ስለዚህ ገበሬው በቅንነት ከበረት ቀድቶ ቢያመጣ አመስግኖ ተቀብሎ፣ ለድመቷ ውኃ መስጠት ነው።