አማካዩ የማይነግረው ሽያጭ

አንድ ባለሀብት ሱቅ ለመክፈት አስቦ የገበያ ጥናት አሠራ እንበል። አጥኚው በሰፈሩ ያሉ አሥር ሱቆችን ዞሮ የቀን ሽያጫቸውን ይጠይቅና ኮምፒዩተር ውስጥ ያስገባል። ዘጠኙ እያንዳንዳቸው 2,000 ብር፣ አሥረኛው ብቻውን 50,000 ብር ይሸጣሉ። አማካዩ 6,800 ብር ይወጣል። ባለሀብቱ በዚህ ተማምኖ ኪራይ ይዋዋላል። ይሁንና በሰፈሩ 6,800 ብር የሚሸጥ አንድም ሱቅ የለም!

ኮምፒዩተሩ አልተሳሳተም። ሽያጮቹ ከትንሽ ወደ ትልቅ ሲደረደሩ መሐል ላይ የሚውለውን፣ «ሚዲያን» የሚባለውን ቁጥር ቢጠየቅ ኖሮ 2,000 ብር ብሎ በቅጽበት ባወጣ ነበር። ጥያቄውን የሚመርጠው ሰው ነው። የስታትስቲክስ ሶፍትዌር የሚሸጡ ኩባንያዎች ይህን ጉዳይ በማስታወቂያቸው እምብዛም አያነሡትም።

ገበያቸው ግን ደርቷል። «ሳስ» የተባለው ሶፍትዌር በአሜሪካ ኖርዝ ካሮላይና ስቴት ዩኒቨርሲቲ የተጠነሰሰው የእርሻ ምርምር መረጃ ለመተንተን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1976 ራሱን የቻለ ኩባንያ ሆነ። ዛሬ ባንኮች ተበዳሪው ዕዳውን የመክፈል ዕድሉን ይመዝኑበታል፤ የመድኃኒት ፋብሪካዎችም በሰው ላይ ያደረጉትን ሙከራ ውጤት ይተነትኑበታል። በ1968 ለማኅበራዊ ጥናት የተሠራውን «ኤስፒኤስኤስ» ደግሞ አይቢኤም በ2009 በ1.2 ቢሊዮን ዶላር ጠቅልሎ ገዝቶታል።

በሌላ በኩል በኒውዚላንድ ኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ ሮስ ኢሃካና ሮበርት ጀንትልማን የጀመሩት «አር» በነጻ ይገኛል። የፈቃድ ክፍያ የለውም። ወጪው ትምህርቱ ላይ ነው፤ ተጠቃሚው ትእዛዙን ራሱ መጻፍ አለበትና። ይህ ለጀማሪ አድካሚ ቢሆንም ለጥናቱ ገዢ ይበጃል፤ የትእዛዙን ፋይልና ጥሬ መረጃውን ከተረከበ ሌላ ባለሙያ ስሌቱን ደግሞ ሊሠራለት ይችላል። «ኤስፒኤስኤስ» እና «ሳስ»ም ትእዛዝን በፋይል ያስቀምጣሉ፤ ችግሩ ጠያቂ አለመኖሩ ነው።

ስለዚህ ጥናት የሚያሠራ ነጋዴ ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ሱቆቹ እንዴት እንደተመረጡና መረጃው በየትኛው ሰሞን እንደተሰበሰበ መጠየቅ ይኖርበታል። በፋሲካ ዋዜማ የተመዘገበ የቅቤና የዶሮ ሽያጭ በዐቢይ ጾም አይደገምም፤ ሶፍትዌሩ ግን የበዓል ቀን መሆኑን ካልነገሩት አያውቅም።